ከሙከራው ትምህርት በፊት

ማንካ ከገበያ የገዛችውን ዓሣ ገና ከፌስታሉ ሳታወጣ ስልኳ ጠራ። የደወለችው የትምህርት ቤቱ እንግዳ ተቀባይ ፕራንግ ነበረች።

«ቲቸር ማንካ፣ ቶሎ ይምጡ። ቲቸር ደንካን ከጓሮው ደረጃ ሥር ወድቀው ተገኙ።»

«ተጎዱ እንዴ?»

«ፖሊስ እዚህ ነው» አለች ፕራንግ ቀስ ብላ። «ሸፍነዋቸዋል።»

ማንካ ፌስታሉን እንደያዘች ወንበር ላይ ተቀመጠች። በዚህች የታይላንድ የባሕር ዳር ከተማ፣ በሁዋ ሂን፣ ለእሷ በር የከፈቱላት ሚስተር ደንካን ብቻ ነበሩ። ከካሜሩን፣ ከባሜንዳ መጥታ ሥራ ፍለጋ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስትዞር፣ ሁሉም በስልክ እንግሊዝኛዋን ሰምተው ይጠሯትና ፊቷን ሲያዩ «እንደውልልሻለን» ብለው ይሸኟት ነበር። ስኮትላንዳዊው ሽማግሌ ግን «አስተምሪና አሳዪኝ» ብለው ክፍል አስገቧት። ከዚያም ለትምህርት ቤቱ ባለቤት ለወይዘሮ ዊላይ «ይቺን ካልቀጠሩ እኔም አልቆይም» አሉላት። የሥራ ፈቃዷም፣ ትንሿ ልጇ ሉም አጠገቧ ሆና መማሯም ከዚያች ቀን የመጡ ናቸው።

እሷ ደግሞ እኚህን ሰው ዋሽታቸዋለች።

ትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ፈልጎ ነበር፤ ማስታወቂያው «ታይላንድ ውስጥ ሁለት ዓመት ያስተማረ» ይላል። አምቤ አገሩን ከረገጠ ገና ሁለት ወሩ ነው። የሟች እህቷ ልጅ ነው፤ ከሕፃንነቱ ያሳደገችው እሷ ናት። ባሜንዳ ውስጥ የተነሣው ጦርነት ያስተምርበት የነበረውን ትምህርት ቤት ዘግቶበት፣ ጓደኞቹ አንዱ ታስሮ አንዱ ሞቶ፣ እሱ በቱሪስት ቪዛ ወደ አክስቱ መጣ። ቪዛው ሊያልቅ ተቃርቧል። ሥራ ካላገኘ መመለሱ ነው። ስለዚህ ማንካ ለሚስተር ደንካን «በሰሜን ምሥራቅ ገጠር ሁለት ዓመት ሲያስተምር በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለቻቸው። እሳቸውም አንድ ጥያቄ አልጨመሩም። «አንቺ ካልሽ በቃ» አሉ።

እንቅልፍ የነሳት ያ «በቃ» ነበር። ለዚህም ነው በዚያው ቅዳሜ፣ አምቤ ለመቀጠር ለሚፈተንበት የሙከራ ትምህርት ሊቀርብ ሲል፣ ጎህ ሲቀድ ካልጋዋ ተነሥታ እውነቱን ልትነግራቸው የሄደችው። የአምቤ በር ዝግ ነበር፤ የተኛ መስሏት በእግር ጣቷ ወጣች። ከትምህርት ቤቱ ማዶ ቆማ በላይኛው ክፍል መብራት በርቶ አየች። መንገዱን መሻገር ግን አልቻለችም። ፊታቸው ሲለወጥ ታያት። ካፊያው ዝናብ ሆኖ ሲበረታ ወደ ዓሣ ገበያው ዞረች።

አምቤ ፀጉሩን እያደረቀ ከመታጠቢያ ቤት ወጣ። «ምነው አክስቴ?»

ነገረችው። አምቤ ፎጣውን ያዘና ቆመ። «ሸሚዜን ልልበስ» አለ።

* * *

የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቱ በልብስ ሰፊና በኑድል ቤት መካከል የቆመ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ደጁ ላይ ለግቢው አድባር ማደሪያ የተሠራች ትንሽ ቤት አለች፤ የዕለቱ አበባ አልተቀየረላትም ነበር። ማንካና አምቤ እንደ አገሩ ልማድ ጫማቸውን አውልቀው መደርደሪያው ላይ አኖሩ። የሚስተር ደንካን ጫማ እንደ ወትሮው ከላይኛው ረድፍ ተቀምጧል።

ከጓሮ በኩል ሰዎች ይነጋገራሉ።

«አንሸራቷቸው ነው፣ ኢንስፔክተር» ይላል አንድ ሳጅን። «ሽማግሌ፣ ዝናብ፣ የብረት ደረጃ። ሌላ ምን አለው?»

ኢንስፔክተር ካኒካ አጭርና ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ጥሬ ማንጎ በጨውና በርበሬ እየነካች ታኝካለች። «እግራቸውን አይተሃል?»

«ካልሲ አድርገዋል።»

«አንተ ዝናብ እየዘነበ ከቤትህ ወደ ጓሮ በካልሲ ትወጣለህ?»

«ሚስቴ መች ታስገባኛለች ያኔ።»

«እኚህም ሃያ ዓመት ሙሉ እዚህ ኖረዋል፤ ከአንተ አያንሱም። የጓሮው ነጠላ ጫማ ደግሞ ከደረጃው አናት በሩ ሥር ደረቅ እንደሆነ ተደርድሯል። እግራቸውን አንሥተው ሁለት ጣት ማስገባት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። አላስገቡም። ለምን?»

«ቸኩለው።»

«ሰው ብቻውን ሆኖ ከማን ይቸኩላል? ላይ ከእሳቸው ጋር ሌላ ሰው ነበር።»

ዘወር ስትል ማንካን አየቻት። ከፊቷ ይልቅ የቀኝ እጅጌዋን ቆየት ብላ ተመለከተች። ከዚያ ማንጎውን ወደ ፌስታሉ መለሰች።

«ቲቸር ማንካ እርስዎ ነዎት? የኔ እንግሊዝኛ ሰላምታ ላይ ያልቃል። የወንድ ልጅዎን ቃል ስቀበል ይተረጉሙልኛል።»

«የእህቴ ልጅ ነው» አለች ማንካ።

«ካሳደጉት ልጅዎ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ደረጃውንም መውጣት ጀመረች።

ላይኛው ክፍል ውስጥ ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። ሰሌዳው ንጹሕ ነው። የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀይ ማርከር ክዳኑ ተከፍቶ ተጋድሟል። ኢንስፔክተሯ አንሥታ በመዳፏ ላይ ሞከረችው፤ ጫፉ ደርቋል። ወደ ሰሌዳው አየች፤ ወደ ጠረጴዛዎቹም አየች።

መጀመሪያ የመጡት ወይዘሮ ዊላይ ናቸው፤ የዐይናቸው ኩል ወርዶ ጉንጫቸው ላይ ደርቋል።

«ትናንት ከደንካን ጋር ተጣልተን ነበር» አሉ ሳይጠየቁ። «ከሌላ ሰው ከሚሰሙ እኔው ልንገርዎ። እኔ በማስታወቂያችን ላይ የሚወጣ ነጭ ፊት ፈለግሁ፤ ሠራተኞቻቸውን ለትምህርት የሚልኩልን የሆቴል አለቆች ያንን ነው የሚጠይቁኝ። እሱ ‹ያስተማረ ይቀጠራል፤ ፊቱን ከፈለግሽ ፎቶ ግዢ› አለኝ። በሩን በላዩ ላይ ዘግቼ ወጣሁ። ደኅና እደር እንኳ አላልኩትም።»

«ጠዋትስ?»

«ቤቴ ነበርኩ፤ ማንም አላየኝም።»

ቀጥላ ፕራንግ ገባች። የቁልፉን ዘለበት እያሽከረከረች «መጣሁ፣ አየኋቸው፣ ደወልኩ» አለች።

ከመንገድ ወደ ላይ አንድ ድምፅ ተሰማ። ኑድል ሻጩ አባባ ቲን ነበሩ፤ ከምጣዳቸው ሳይነቃነቁ ነገሩን ሁሉ በመስኮቱ ያዳምጡ ኖሯል። «መጣሁ፣ አየሁ፣ ወደ ገዳም ሄድኩ፣ ከዚያ ደወልኩ በይ እንጂ፣ ልጄ። በሞተር ስትበሪ ሾርባዬን ልትደፊብኝ ነበር።»

ፕራንግ አንገቷን ደፋች። «ልጸልይላቸው ነው የሄድኩት።»

«አባባ ቲን፣ ሌላስ ምን አዩ?» አለች ኢንስፔክተሯ በመስኮቱ።

«ያቺ ፊሊፒናዊት፣ ሮዌና፣ ከጓሮው መንገድ ስትሮጥ አየሁ። ‹ምን አባረረሽ?› ብላት አልሰማችኝም።»

ሮዌና ለቦታው ሁለተኛዋ ተወዳዳሪ ናት። ታይላንድ ውስጥ ብዙ ዓመት አስተምራለች፤ ታይኛውን እንደ አገሬው ትናገረዋለች። ስትጠየቅ አላንገራገረችም።

«ሥዕሎቼን ለመለጠፍ ቀደም ብዬ መጥቼ ነበር። በጓሮ በኩል ስገባ ወድቀው አየኋቸው። ጠራኋቸው፤ አይንቀሳቀሱም። ሸሸሁ።»

«ለምን?»

«የኔን ቦታ ለሌላ ሊሰጡ ነው ብዬ ለከተማው ሁሉ ሳማቸው ከርሜ፣ አስከሬናቸውን ያገኘሁት እኔ ልሁን? እርስዎ ቢሆኑ ያምኑኝ ነበር?» ከዚያ ወደ ማንካ ዞራ «አንቺ ታውቂያለሽ» አለቻት፤ «እኛን መጀመሪያ ይጠረጥራሉ፣ ከዚያ ነው ስማችንን የሚጠይቁት።»

በመጨረሻ ኢንስፔክተሯ አንድ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «የሟቹ ስልክ ነው። እዚህ ወንበር ሥር ወድቆ አገኘነው። ቲቸር ማንካ፣ ሊደውሉ የጀመሩት ለእርስዎ ነበር። አልተጠራም፤ ተቋረጠ። በማለዳ ምን ፈልገውዎት ይሆን?»

ማንካ ዐይኗን ከስልኩ አነሣች። «አላውቅም።»

«የት ነበሩ?»

ማንካ መልስ ከማሰቧ በፊት አምቤ ምን እንደተጠየቀች ከፊቷ አንብቦ በእንግሊዝኛ ተናገረ። «ቤት ነበርን በያት። እኔና አንቺ፤ ስልኩ እስኪደወል ከቤት አልወጣንም።»

ማንካ አየችው። ሲነጋ መውጣቷን ሰምቶ ኖሯል ማለት ነው። ሰምቶም ሊያድናት ነው። ይህ በእጇ ያደገ ልጅ፣ ቀኑ በጨለመበት ሰዓት፣ ለእሷ ያስባል። ከዚያም የገዛ ውሸቷን ቃል በቃል ወደ ታይኛ ተረጎመችው።

«ልጅዎ ሁለት ዓመት ሰሜን ምሥራቅ አስተምሯል ብለዋል ወይዘሮ ዊላይ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ታይኛ አንድ ቃል እንኳ አልያዘም?»

«ትምህርት ቤቱ ከተማሪ ጋር ታይኛ ማውራት ይከለክል ነበር» አለች ማንካ። ውሸት ሲለመድ እንዲህ እንደሚቀል አታውቅም ነበር።

ኢንስፔክተሯ ወረቀት ቀደደችና ከኪሷ ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። «ስማችሁንና የቅርብ ቤተሰባችሁን ስም ጻፉልኝ፤ የባዕድ ስም ስጽፍ አበላሻለሁ።»

ማንካ ወረቀቱን ተቀበለች፤ ቦርሳዋን ከፍታ የራሷን ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣችና የሉምን ስም ጻፈች። ሮዌና እስክሪብቶውን አይታ ፈገግ አለች፤ ከፀጉሯ ላይ እርሳሷን መዘዘች። አምቤ ቀዩን ተቀብሎ በሚያምር እጅ ጽሑፉ «አምቤ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም «ማንካ»።

ማንካ ወረቀቱን ከእጁ ልትነጥቀው ምንም አልቀራት። እዚህ አገር በሕይወት ያለን ሰው ስም በቀይ የሚጽፍ የለም። ስም በቀይ የሚጻፈው የሬሳ ሣጥን ላይ ነው። መምህር ከሆነማ ይህንን በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንዷ ተማሪ ስታለቅስበት ይማረዋል። ስለ ጫማው ነግራዋለች፤ የሰው ራስ ስላለመንካት ነግራዋለች፤ ይቺን ረሳቻት። «አለቀልን» አለች በልቧ፤ «እንዳላስተማረ አወቀች።»

ኢንስፔክተሯ ግን ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። «የሙከራው ትምህርት ሰኞ ይደረጋል» አለች። «ወይዘሮ ዊላይ ፈቅደዋል። ሟቹ የጀመሩት ነገር አይቅር። ሁላችሁም ኑ።»

* * *

እሑድ አምቤ እህል አልቀመሰም። ሉም ዓሣውን እየበላች «ነገ ሥራውን ካገኘህ አይስክሬም ትገዛልኛለህ» ስትለው ራሱን ነቀነቀ። ማታ ሳህን ሲያጥብ ማንካ ከኋላው መጥታ ትከሻውን ያዘችው።

«ትናንት ስለ እኔ ዋሸህልኝ» አለችው። «አልረሳልህም።»

አምቤ ሳህኑን ደጋግሞ አሸ። «ተይው፣ አክስቴ።»

«መውጣቴን አውቀህ ነበር?»

«ተይው አልኩሽ እኮ።»

እሷም ተወችው። ሌሊቱን ሚስተር ደንካን ለምን ሊደውሉላት እንደፈለጉ ስታሰላስል አደረች። ምናልባት ሊያመሰግኗት ይሆናል ብላ አሰበች፤ ይህን ማሰቧም አሳፈራት።

* * *

ሰኞ ጠዋት ሁሉም በላይኛው ክፍል ተሰበሰቡ። አምቤ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። ሮዌና ሥዕሎቿን ታቅፋለች። ወይዘሮ ዊላይና ፕራንግ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሳጅኑ ከጓሮው በር ቆሟል። ኢንስፔክተር ካኒካ እንደ ተማሪ ከወንበሮቹ በአንዱ ተቀምጣ ነበር፤ ተነሥታ ሰሌዳው ፊት ቆመች።

«ዛሬ የማስተምረው እኔ ነኝ» አለች። «ቲቸር ማንካ፣ ለልጁ ይተርጉሙለት።»

ማንካ አምቤ ጆሮ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሚስተር ደንካን በካልሲ ነው የወጡት። ስለዚህ ብቻቸውን አልነበሩም። ስልካቸው እዚህ ክፍል ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ሊደውሉ ሲሉ የከለከላቸው ሰው አለ። እስከዚህ ሳጅኔም ይደርስበታል። እኔን ያስቸገረኝ ይህ ነው።» ደረቁን ማርከር አሳየች። «ቀይ ማርከር ተከፍቶ ይደርቃል፤ በቀይ የተጻፈ ነገር ግን የትም የለም። ምን ተጻፈበት? ማን ወሰደው? ፕራንግ፣ ልጄ፣ አንቺ ንገሪያቸው።»

ፕራንግ ተነሣች። «ቅዳሜ አስከሬኑን እንዳየሁ ሮጬ ወደዚህ ወጣሁ። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ የታጠፈ ካርድ ነበር፤ የተማሪዎቹ ስም፣ ሁሉም በቀይ። አንዱ ደግሞ የእሳቸው ነው፤ ‹ደንካን› ይላል። እሳቸው ታች ሞተዋል። ሌሎቹም እንዳይከተሏቸው ፈራሁ። ሰብስቤ መነኩሴው ዘንድ ወሰድኳቸው፤ እንዲጸልዩባቸው።» ወደ ወይዘሮ ዊላይ ዞረች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፖሊስ እስኪመጣ መንካት እንደሌለብኝ አውቅ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ከመነኩሴው የተቀበለቻቸውን ካርዶች ከቦርሳዋ አውጥታ በየጠረጴዛው አኖረቻቸው። ማንካ ትርጉሙን አቋርጣ አንገቷን አሰገገች። የካርዶቹን እጅ ጽሑፍ ከሩቅ አወቀችው። ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት።

«ይተርጉሙ እንጂ» አለች ኢንስፔክተሯ በለሆሳስ።

ማንካ ተረጎመች።

«በሙከራ ትምህርት ላይ ሚስተር ደንካን የት ይቀመጡ ነበር?»

«ከተማሪዎቹ ጋር» አሉ ወይዘሮ ዊላይ። «እንደ ተማሪ ነበር የሚሆነው። ይወደው ነበር።»

«ስለዚህ ካርዱን የጻፈው ሊያስተምር የመጣ ሰው ነው፤ ፈታኙንም ከተማሪዎቹ ቆጥሮታል። ሟቹ ራሳቸው አልጻፉትም፤ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰው የተማሪዎቻቸውን ስም በቀይ አይጽፉም። ወይዘሮ ዊላይና ፕራንግ የዚህ አገር ልጆች ናቸው፤ እጃቸው አይታዘዝም። ሮዌና ቀዩን እስክሪብቶ ስሰጣት እርሳሷን አወጣች። ቲቸር ማንካ የልጃቸውን ስም ሊጽፉበት አልደፈሩም። ከእነዚህ ከአራቱ አንዳቸውም አይደሉም። አንድ ሰው ግን የገዛ ስሙን ጻፈበት፤ የአክስቱንም ጨመረ። የተማሪዎቹን ስም ከማን ሰማ ብትሉ፣ ይህን ክፍል የሚያስተምሩት አክስቱ ናቸው።»

አዎ፣ ከእሷ ነው የሰማው። ዐርብ ማታ እራት ላይ «ተማሪን በስሙ ከጠራኸው ልቡን ይሰጥሃል» ብላ አንድ በአንድ አስጠንታዋለች።

«ሁለት ዓመት ያስተማረ ሰው ይህንን ስሕተት አይሠራም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሚስተር ደንካንም ካርዶቹን እንዳዩ ይህንኑ ነው የተረዱት። ለቲቸር ማንካ ሊደውሉ የፈለጉትም ለዚህ ነው፤ ምስክሩ እርስዎ ነበሩና።»

አምቤ የመጨረሻው ትርጉም ሳይደርሰው ተነሣ። «ቤት ነበርኩ» አለ በእንግሊዝኛ። «ከአክስቴ ጋር ነበርኩ። እሷን ጠይቋት።»

ይህን መተርጎም አላስፈለገም። ክፍሉ ሁሉ ወደ ማንካ ዞረ።

ኢንስፔክተር ካኒካ ወንበር ስባ ከፊቷ ተቀመጠች፤ አሁን የምትናገረው ለእሷ ብቻ ይመስል ነበር። «እውነቱን ልንገርዎ። ዳኛ ፊት ካርዱ ካርድ ነው፤ ማንም መቼም ሊጽፈው ይችላል። ቅዳሜ እጅጌዎ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቆ ነበር፤ ከቤት ያልወጣ ሰው እጅጌ ላይ አይገኝም። ቅርፊት ግን አይመሰክርም። የሚመሰክሩት እርስዎ ነዎት። አሁንም ቤት ነበርን ካሉ፣ ልጁን ላስረው አልችልም። ቪዛው ሲያልቅ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይሄዳል። እርስዎም ሥራዎ ላይ ይቆያሉ።»

ማንካ አምቤን አየችው። ቅዳሜ እሷን ሊያድናት መስሏት ነበር። የያዛት እንደ ጃንጥላ ነበር፤ ዝናቡ በእሱ ላይ ነበር የሚዘንበው። አሁንም ዐይኖቹ ይለምኗታል፤ ሕፃን ሆኖ እናቱ በተቀበረችበት ዕለት የማንካን ቀሚስ ይዞ እንዳያት ጊዜ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ናት። አንድ ጊዜ ብላዋለች፤ ሁለተኛው ይቀላል።

ሚስተር ደንካንም የፈለጉት አንዲት ቃል ነበር፤ ከእሷ አፍ።

«ቤት አልነበርኩም» አለች በታይኛ። ከዚያ ወደ አምቤ ዞራ በራሱ ቋንቋ ደገመችለት። «ቤት አልነበርኩም፣ ልጄ። አንተ ቤት ስለመሆንህ የማውቀው የለም።»

አምቤ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ማንንም አላየም።

«መጀመሪያ ሳቁ» አለ። «‹ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነገረህም?› አሉኝ። ዝም ስል ሳቃቸውን ተዉት። ‹ማንካን ልጥራት፤ ከእሷ ልስማ› አሉ። ስልኩን ልቀማቸው ስል ወደቀ። በፊተኛው ደረጃ እንዳይወርዱ ቆምኩባቸው፤ በጓሮው በር ወጡ። ተከትዬ እጃቸውን ያዝኩ። እንዲሰሙኝ ብቻ ነበር። ሲያስለቅቁኝ ርጥቡን ረገጡት።»

ማንካ ትተረጉማለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል።

«ከወደቁ በኋላስ? ተናገሩ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

አምቤ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «‹ማንካን ጥራልኝ› አሉኝ። እኔ ሳልጠራት የቀረሁት ቤት ተኝታለች፣ ብጠራትም አትደርስም ብዬ ነው። ከዚያ ጫማዬን አንሥቼ ሸሸሁ።»

ማንካ መተርጎሙን ተወችው። «ያኔ የዚህ ክፍል መብራት በርቶ ነበር?» አለችው።

«አዎ።»

«ማዶ ቆሜ ነበር» አለች። «ለእሳቸው እውነቱን ልነግር መጥቼ፣ ፈርቼ፣ ማዶ ቆሜ ነበር። ብትጣራ እሰማህ ነበር።»

ሮዌና ሥዕሎቿን ወደ ደረቷ አስጠግታ ማልቀስ ጀመረች። ኢንስፔክተሯ የሰማች ያህል ከፊታቸው ተረድታ ለሳጅኑ ምልክት ሰጠችው። ሳጅኑ ሲይዘው አምቤ አልታገለም። በሩ ላይ ሲደርስ ማንካ የሸሚዙን ኮሌታ አቃናችለት።

ሳጅኑና አምቤ ደረጃውን ሲወርዱ ወይዘሮ ዊላይ ማንካን ወደ መስኮቱ ሳቧት። «ልጁ የሠራው ለፖሊስ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «አንቺ ስለ እሱ መሰከርሽ የተባለውን ግን እኔ አልሰማሁም። ሞት ይበቃናል፤ ትምህርት ቤቴ በሐሰተኛ መምህር ስሙ አይነሣ። ኢንስፔክተሯን እኔ አናግራታለሁ። ነገ ክፍልሽ ግቢ፣ ሉምም ትምህርቷን ትቀጥል።»

ማንካ ያቀረቡላት ነገር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ታውቃለች።

«ኢንስፔክተር» ብላ ጠራች። «አውቄ እንደዋሸሁም ይጻፍልኝ። ልጁ ለብቻው አልዋሸም፤ ውሸቱን ያስጠናሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ዊላይ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ኢንስፔክተሯ ማንካን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። «ከተጻፈ የሥራ ፈቃድዎ ይሄዳል። ተመልሰው የሚሄዱበትንም ያውቁታል።»

«አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ቀርቤ ቃሌን እሰጣለሁ። መጀመሪያ ግን ልጄ ከሰው አፍ እንዳትሰማ ልንገራት።»

«ይሂዱ» አለች ኢንስፔክተሯ።

የሉም ትምህርት ቤት ለምሳ ሲለቀቅ ማንካ በሩ ላይ ነበረች። ሉም ከልጆቹ መሃል እየሮጠች ወጣች፤ እናቷን በዚህ ሰዓት ማየቷ ደስ ብሏት ነበር።

«አምቤ ሥራውን አገኘ?»

«አላገኘም።»

«እትዬ ሮዌና በለጠችው?»

ማንካ ከግንቡ ጥላ ሥር ወስዳ አስቀመጠቻትና ከፊቷ ተንበረከከች፤ ዐይን ለዐይን እንዲተያዩ።

«ስለ አምቤ እነግርሻለሁ» አለቻት። «ግን የምጀምረው ከእሱ አይደለም፤ ከእኔ ነው። አንድ ደግ ሰው አመኑኝ፣ ሉም። እኔ ግን ዋሸኋቸው።»